ሦስት ሽቦ፣ ሦስት ናይለን

«ይሄማ የዓሣ ማጥመጃ ነው» አለ አባቴ፣ የክሩን ፓኬት በሁለት ጣቶቹ እንደ ሞተ አይጥ አንጠልጥሎ።

«የዓሣ ማጥመጃም ቢሆን ይዘፍናል» አለ አጎቴ ደረጀ። «ያንተ ሽቦ ግን ልብስ ከማስጣት ሌላ ሙያ የለውም።»

«በዚያ ሽቦ እኮ ነው እኛ ስንት ሕዝብ ያስጨፈርነው።»

«ሕዝቡ መች ወዶ ጨፈረ? ቀበሌው አስገድዶት ነው እንጂ።»

እናቴ ከኩሽና አንገቷን አስግጋ «ቀበሌ የሚል ቃል የሰማሁ መሰለኝ» አለች። አባቴ ፓኬቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

የሚጨቃጨቁት ስለ ጊታር ክር ነው። ጊታሩ የኔ ነው። ክሩን የገዛሁት እኔ ነኝ። ማክሰኞ ትምህርት ቤት ሰው ፊት ቆሜ የምጫወተውም እኔ ነኝ። በዚያ ሳሎን ውስጥ ስለ ክር ያልተጠየቀች አንዲት ሰው ፈልጉ ብትባሉ ግን፣ እሷም እኔው ነኝ።

እናንተ ቤት እንዴት እንደሆነ አላውቅም። እኛ ቤት አንድ ጉዳይ ሲነሳ «ይህን የሚያውቅ ማነው?» ተብሎ አይጠየቅም። አንድ ሰው አመመኝ ሲል ነርስነት በመስኮት ያላየ ሁሉ መድኃኒት ያዝለታል፤ ቤት ልቀይር ነው ሲል በዚያ ሰፈር አንድ ቀን በአውቶቡስ ያለፈ ሁሉ ስለ ጎረቤቶቹ ጠባይ ይመሰክርለታል። ምክር የማይቸግር ነገር ስለሆነ ማንም አይቆጥበውም። ጣጣው ከምክሩ በኋላ ነው የሚመጣው። ምክሩን ካልተቀበላችሁ መካሪው ይቀየማል፤ የሁለት ሰው ምክር ከተቀበላችሁ ደግሞ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይቀያየሙና እናንተ አስታራቂ ፍለጋ ትሄዳላችሁ።

አባቴና አጎቴ ድሮ እንዲህ አልነበሩም። እሑድ እሑድ አብረው ኳስ የሚያዩ፣ በአንድ ሳህን የሚበሉ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ የዘጠና ሰባቱ ምርጫ መጣ። ማን ማንን እንደደገፈ እዚህ አልጽፍም፣ እናቴ ይህን ልታነበው ትችላለች። ብቻ አንድ እሑድ አንድ ብርጭቆ ተሰበረና አጎቴ ዋይት ሲቲ በሚባለው ሰፈር፣ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ወዳለው ቤቱ ሄዶ አራት ወር ሳይመጣ ቀረ። እናቴ ወንድሟን ለምና ስትመልሰው ሕግ አወጣች፦ በዚህ ቤት ፖለቲካ አይነሳም። ሕጉም ተከበረ። ፖለቲካው ግን አልሞተም፤ ወደ ማሞቂያው ተዛወረ፣ ይከፈት ወይስ ይዘጋ። ከዚያ ወደ ባቡሩ፤ ከዋይት ሲቲ እኛ ጋ ኬኒንግተን ለመምጣት የት ቢቀየር ይሻላል በሚለው ብቻ ስንት ምሳ ቀዘቀዘ። አሁን ተራው የኔ ጊታር ሆነ።

ጊታሩን እናቴ ናት ከቻሪቲ ሾፕ፣ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት የበጎ አድራጎት ሱቅ፣ ያመጣችልኝ። ሲመጣ ሁለት ክር ጎድሎት ነበር፤ የቀሩት ደግሞ አርጅተው ድምፃቸው የጉንፋን ሆኗል። ሁለት ወር በዚያው ተለማመድኩ። የሙዚቃ አስተማሪዬ «ሰው ፊት ትጫወቻለሽ ወይ?» ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። ሁለት ጊዜ በእምቢታ ራሴን ነቀነቅሁ። በሦስተኛው እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ አዎ አልኩ። በሕይወቴ ሰው ፊት ለመቆም አዎ ስል የመጀመሪያዬ ነው፤ እንደገና አዎ ለማለት ድፍረቱን ከየት እንደማመጣው አላውቅም። ስለዚህ ማክሰኞ ቀልድ አልነበረችም።

ቅዳሜ ጊታሩን በጀርባዬ አዝዬ ኬንቲሽ ታውን አንድ የሙዚቃ ዕቃ ቤት ሄድኩ። ሽማግሌው ባለሱቅ ጊታሩን አገላብጦ አየና በትዕግሥት አስረዳኝ። ይህ ዓይነቱ ጊታር ለናይለን ክር የተሠራ ነው፤ ሆዱ ላይ ክሮቹ የሚታሰሩበት እንጨት በሙጫ ብቻ ነው የተያዘው፤ የሽቦ ክር በጣም ስለሚጎትት እንጨቱን ይነቅለዋል። ከሸጠልኝ የናይለን ፓኬት ውስጥ ሦስቱ ክሮች ብረት ይመስላሉ፤ ውስጣቸው ግን የናይለን ድር ነው፣ በቀጭን ሽቦ የተጠቀለለ። ስለዚህ አትደናገጪ አለኝ። እኔም አልደነገጥኩም። ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ትምህርት ነበር።

አባቴ ግን በወጣትነቱ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ጊታር ተጫውቷል። ያኔ ክር የሚባል ነገር ስላልነበረ የብስክሌት የፍሬን ሽቦ ፈትተው ነበር የሚያስሩት። ለሱ ጊታር ማለት ሽቦ ነው፤ ናይለን የሰነፍ ነው። አጎቴ ደግሞ ሰርግ ላይ ክራር ይመታል። ክራሩን በናይለን ነው የሚያስረው፤ ለሱ ሽቦ ጆሮ የሌለው ሰው ነገር ነው። አባቴ ቅዳሜ ፓኬቴን አገላብጦ አየና አስቀመጠው። እሑድ ጠዋት ወጥቶ የሽቦ ክር ገዝቶ መጣ። ለምሳ አጎቴ መጣ። የቀረውን ሰምታችኋል።

ልናገር አልሞከርኩም አትበሉኝ።

«አባዬ፣ ሰውዬው እኮ...»

«ቆይ እስቲ፣ ትልቅ ሰው ሲያወራ።»

ትንሽ ቆየሁና ወደ አጎቴ ዞርኩ። «ጋሼ፣ ሽቦ ከታሰረበት ይሄ እንጨት...»

«ይኸው! ልጅቷም ከኔ ጋር ናት» አለ አጎቴ።

«ልጄን አትቀስቅስብኝ» አለ አባቴ።

በዚህ መሃል በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ኃይሉ ናቸው፣ ከኛ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብለው የሚኖሩት። አገር ቤት ዳኛ ነበሩ የሚሉ አሉ፤ የለም የዳኛ ጸሐፊ ነበሩ የሚሉም አሉ። የሆነው ሆኖ በዚህ ከተማ ሳያስታርቁት የቀረ ባልና ሚስት ጥቂት ነው። የመጡት ከካውንስል፣ ከሰፈሩ አስተዳደር፣ የደረሳቸውን ደብዳቤ እንዳነብላቸው ነበር። አነበብኩላቸው፤ ሐሙስ የውሃ ማሞቂያውን፣ ቦይለሩን፣ ቼክ የሚያደርግ ሰው ይመጣል ይላል።

«ነገ ደውይና ኮንፈርም አድርጊልኝ፣ የኔ ልጅ። አንቺ ስትናገሪ ይሰማሉ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ካውንስል ይሰማኛል። ሐኪማችን፣ ጂፒው፣ ይሰማኛል። «አባቴ እንዲህ ይላል፣ ጎረቤታችን እንዲህ ይላሉ» እያልኩ ስደውል የማይሰማኝ መሥሪያ ቤት የለም።

ጋሽ ኃይሉ ደብዳቤያቸውን አጥፈው ቀና ሲሉ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ፓኬት፣ ከጠረጴዛው ወዲያና ወዲህ ሁለት የተኮሳተሩ ሰዎች አዩ። ፊታቸው በራ። ሥራ ያገኘ ሰው ፊት።

«በሉ ቁጭ በሉ። ስልክ ይጥፋ» አሉ።

ሁለቱም ወገን ተሰማ። አባቴ ስለ ፍሬን ሽቦው ተናገረ። አጎቴ ስለ ክራሩ ተናገረ። ጊታሩ እንደ ተከሳሽ መሃል ተጋድሞ አዳመጠ። ከዚያ ጋሽ ኃይሉ መነጽራቸውን አድርገው የኔን ፓኬት ከፈቱና ክሮቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ሦስት ነጭ፣ ሦስት ብርማ።

«ይኸውላችሁ! ፈረንጁ ራሱ ሦስት ሽቦ፣ ሦስት ናይለን አድርጎ አስታርቆ ልኮታል። እናንተ ምን ያጣላችኋል?»

ልቤ ዘለለ። ምክንያቱ ስህተት ቢሆንም ውሳኔው ልክ ሊሆን ነው። ይህንኑ ፓኬት እንዳለ ቢያስሩት ማክሰኞ ደህና ናት።

«ይሄ ሁሉ ከሱ ወገን ፓኬት ከሆነማ አሸነፈ ማለት ነው» አለ አባቴ።

ጋሽ ኃይሉ አሰቡ። ሽምግልና አንዱን ወገን አሸንፎ አንዱን አያሳፍርም፤ ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «መልካም» አሉ፣ «ሦስቱ ወፍራም ካንተ ሽቦ ይሁን፤ ሦስቱ ቀጭን ከሱ ናይለን ይሁን። ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ነው።»

«ጋሽ ኃይሉ፣ እርስዎ ብረት ያሉት ውስጡ እኮ ድር...» አልኩ። ግን ሦስቱም ተነስተው ትከሻ ለትከሻ እየተሳሳሙ ስለነበር ድምፄ ኮታቸው ውስጥ ቀረ። እናቴ እጇን ፎጣ ላይ እየጠረገች በደስታ ታያቸዋለች። ያኔ አራት ወር የጠፋባት ወንድሟ ባሏን አቅፏል። እስቲ እናንተ ብትሆኑ፣ በዚያ ሰዓት ስለ ሙጫ ታወራላችሁ?

አባቴ በወፍራሙ በኩል፣ አጎቴ በቀጭኑ በኩል ተቀመጡ፤ አንድ ራስ ላይ ሁለት ጸጉር አስተካካይ ማለት ነው። አጎቴ የሱን ሦስት በትዝታ ቃኛቸው። አባቴ የሱን ሦስት በምን እንደቃኘ እሱ ይወቅ። አጎቴ አንድ ዙር ሲያጠብቅ አባቴ ሁለት ዙር ያጠብቃል። ጊታሩ እንደ አሮጌ አልጋ ሲንቋቋ ሰማሁት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። የኛ ድር አብሮ ያደረገው ግን ሌላ ነው።

ቋ አለ።

እንጨቱ ከነክሮቹ ተነቅሎ ተንጠለጠለ። ከሥሩ ደረቅ ሙጫና የተቦጨቀ ጊታር ቀረ። ማክሰኞም እዚያው ቀረች።

«ናይለንህ ወደዚያ ስቦ ነው» አለ አባቴ።

«ሽቦህ ነው እንጂ። እናንተ ሁልጊዜ በጉልበት...»

«እናንተ ማለት እነማን ነን?»

«በዚህ ቤት!» አለች እናቴ።

ጋሽ ኃይሉ እጃቸውን ዘረጉና ሁሉንም ጸጥ አሰኙ። ዞር ዞር ብለው የቀረ ምስክር ሲፈልጉ እኔን አዩ። «አንቺስ ልጄ፣ ምን ትያለሽ?»

በዚያ ቤት በአማርኛ ተናግሬው የማላውቀውን ያህል ረዥም ንግግር ያኔ ተናገርኩ። ጊታሩ ለናይለን መሠራቱን፣ ሽቦ እንደሚነቅለው፣ ብርማዎቹም ውስጣቸው ድር መሆኑን፣ ባለሱቁ ያለኝን በሙሉ።

«ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቅሽ ዝም አልሽ?» አሉ ጋሽ ኃይሉ።

«ሦስት ጊዜ ተናግሬያለሁ።»

«ቀስ ብለሽ ነዋ» አለ አጎቴ። «ቀስ ብለሽ ስትናገሪ ማን ይሰማሻል?»

«ይቺ ልጅ ስትናገር ለራሷ ነው» አለ አባቴ። «ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ።»

«ልክ ነህ። እኔም ታዝቤያለሁ» አለ አጎቴ።

«ቀደም ብላ ጮክ ብትል ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ።»

«በፍጹም ባልመጣ።»

ልብ በሉ፤ ከምርጫው ወዲህ ሁለቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጋሽ ኃይሉም ልብ አሉት፤ ወንበራቸው ላይ ዘና ብለው በእርካታ ፈገግ አሉ።

«ይኸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ነገሩ ግልጽ ሆነ። በይ የኔ ልጅ፣ ተነሺና የአባትሽንና የአጎትሽን ጉልበት ሳሚ። ይቅርታ በያቸውና በዚሁ ይብቃ።»

ይቅርታ ማለት ለኔ ከባድ አይደለም። አውቶቡስ ውስጥ እግሬን ለረገጠኝ ሰው እንኳ ይቅርታ እላለሁ። ተነሳሁ። ሁለቱ ጎን ለጎን ጉልበታቸውን አስተካክለው ጠበቁኝ፤ አባቴ እንዲያውም የሚያነሳኝ መስሎ እጁን ዘረጋ። እናቴን አየኋት። ፎጣዋን ይዛ ከበሩ መቃን ፈቀቅ ብላ መንገድ ለቀቀችልኝ።

የማንንም ጉልበት ሳልስም ካፖርቴን ለበስኩ። ጊታሩን በአንድ እጄ፣ የተነቀለውን እንጨት በሌላው ያዝኩና በእናቴ አጠገብ አልፌ ወጣሁ።