አንድ ቤት አለች

በየከተማው አንድ "አንድ ቤት አለች" ባይ አለ። እናንተም ታውቁታላችሁ። ምሳ ሰዓት ደርሶ ሁላችንም ወደለመድነው ሆቴል ስናመራ እሱ መንገድ መሃል ይቆማል፤ የሚሰማው ሰው እንዳለ ግራ ቀኙን ያያል፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አንድ ቤት አለች" ይላል። ያቺ ቤት ስም አልተጻፈባት፣ ደጃፏ አይታወቅ፣ ወንበሯ ይወላገዳል። የሚበላባት ነገር ግን ለሳምንት ከምላስ አይጠፋም።

የሰመራው ባለ ማዕረግ ክቡር ጋሽ አምባዬ ናቸው። በሥራ መደባቸው የቢሯችን ንብረት ክፍል ሠራተኛ ይሁኑ እንጂ፣ በእኔ ሹመት የአዋሽ ሸለቆ የጓዳ አምባሳደርና የምድጃ ሊቀ ሊቃውንት ናቸው። ከደብረ ብርሃን ብርድ ለጥቂት ወራት ብለው ወርደው፣ እዚሁ ሸበቱ። "ምን አስቀረዎት?" ሲሏቸው "ገና ያልቀመስኩት አለ" ይላሉ።

ሰመራን ላላየ ሰው፣ እዚህ ገላጣ ሜዳ ላይ የተደበቀ ነገር አለ ቢሉት አያምንም። በሙቀቱ ወራት ሥራ በማለዳ ይገባና ቀትር ላይ ከተማው ይተኛል። ንፋሱ ትኩስ ነው። አስፋልቱ ከሩቅ ውሃ የተኛበት ይመስላል፤ ግመሎችም ያንን የሌለ ውሃ እየተሻገሩ ይመጣሉ። ቬንትሌተር ሥር ጋደም ብዬ፣ መተኛቴን መንቃቴን ሳላውቅ፣ መስኮቴ ቀስ ተብሎ ይንኳኳል። "ተነሣ አንተ" ይለኛል አንድ የታፈነ ድምፅ፤ "አንድ ቤት አለች።"

እንዲህ በእንቅልፍ ልቤ ያልሄድኩበት የለም። ለመስክ ሥራ ወደ አዋሽ ከተማ ስንሄድ መኪናውን ከባቡር ሐዲዱ ማዶ አስቁመው ጥብስ አብልተውናል፤ ስብሰባው ውስጥ የገባነው ዘግይተን፣ ከእኛም ቀድሞ የሽንኩርታችን ሽታ ገብቶ ነው። መልካ ወረር ላይ ከጥጥ እርሻው ዳር ካለች ዳስ ጥላ ሥር አስቀምጠው በሐብሐብ ውሃ አገጫችንን አርሰዋል። አሳይታ ላይ ደግሞ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ አዋሽ ከታች ቡናማ ሆኖ እየተጠማዘዘ፣ እጄ ላይ ቴምር አስቀምጠው "አታኝከው፤ ዝም ብለህ ያዘው" አሉኝ። ያዝኩት። ወንዙም የሚሄድ አልመሰለኝም፤ እኔም የምመለስ አልመሰለኝም።

ይህን ሁሉ ከየት ያመጡታል? ከዳጉ። አፋር ከአፋር ጋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ይለዋወጣል፦ ዝናቡን፣ ግጦሹን፣ ሰላሙን፣ ማን እንዳለፈ፣ ማን እንደታመመ። ዳጉ ይህ ነው። የሰሙትን ደብቆ ማለፍ ነውር ነው። ጋሽ አምባዬ ከሽማግሌዎቹ ጎን ቁጢጥ ብለው በትዕግሥት ይጠብቁና፣ ዝናቡም ሰላሙም ሲያልቅ "ምግብስ? ምን ጥሩ ነገር ተበላ?" ይላሉ። ሽማግሌዎቹ ይስቃሉ፤ ግን ይነግሯቸዋል።

እኛን ወስደው ሲያበቁ ደግሞ ያስምሉናል። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው "ለማንም እንዳትናገር" ይላሉ። የሚገርመው፣ ወር ሳይሞላ ቤቲቱ ጢም ትላለች። ሹፌሩ፣ ገንዘብ ያዡ፣ መንገደኛው ሁሉ ይጎርፋል። ክቡር አምባሳደሩ መቀመጫ አጥተው ደጅ ላይ ቆመው እየበሉ "ሰው በላኝ! በዚህ አገር ሚስጥር የሚጠብቅ አንድ ሰው ይጥፋ?" እያሉ ያማርራሉ። አንጀቴን ይበሉት ነበር።

ታዲያ ባለፈው ዓመት እኔንና ካሚልን ወደ ሎግያ ወሰዱን። ካሚል የወሎ ልጅ ነው፤ ቢሯችን መግቢያ ላይ ባለጉዳይ የሚያስተናግደው እሱ ነው። እኔ ደግሞ አልፎ አልፎ ጋዜጣ ላይ እጽፋለሁ። እንዋደዳለን። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን እሱ ወደ ሙስሊም ቤት፣ እኔ ወደ ክርስቲያን ቤት እንለያያለን፤ ከሻይ ያለፈ ነገር አብረን ቀምሰን አናውቅም። ጋሽ አምባዬ ከአንድ ጎሚስታ ጀርባ አዞሩንና ሰማያዊ መጋረጃ ገለጡ። "ዓሣ ነው። ዓሣ ባራኪ አይፈልግም" አሉ።

ባለቤቲቱ ኸሊዳ ትባላለች፤ ከኮምቦልቻ የመጣች፣ ሳቋ ከወገቧ የሚነሣ ሴት። ከአሳይታ የመጣውን ዓሣ ለሁለት ሰንጥቃ፣ በርበሬ ቀብታ ምድጃ ውስጥ ታወርደዋለች። ቂጣው እዚያው ከምድጃው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይበስላል። አንድ ትሪ አቀረበችልን። ካሚል "ቢስሚላህ" አለ፤ እኔ አማተብኩ፤ እጃችን ትሪው ላይ ተገናኘ። መጋረጃው በንፋሱ እየተነፋ ቤቱ በሰማያዊ ብርሃን ይሞላል፣ መልሶ ይጨልማል። ከውጭ የከባድ መኪኖቹ ድምፅ ሩቅ እንዳለ ባሕር ይሰማል። ደስ አለኝ፤ ሌላ ቃል የለኝም።

"ለማንም እንዳትናገሩ" አሉ ጋሽ አምባዬ።

ሐሙስ ሐሙስ የእኛ ቀን ሆነ። በመጣን ቁጥር ቤቱ ባዶ ነው፤ እኔም ባዶነቱን ወደድኩት። "የት ትጠፋላችሁ?" ሲሉን ካሚል "ጥርሴን እየታከምኩ ነው" ይላል፤ እኔ "እሱን እያስታመምኩ" እላለሁ።

ባለፈው ሐሙስ መጋረጃውን ስንገልጥ ምድጃው ቀዝቅዟል። ኸሊዳ ድስቶቿን በማዳበሪያ ውስጥ ታሽጋለች።

"ምን ሆነሽ ኸሊዳ?" አሉ ጋሽ አምባዬ።

"ልገባ ነው ወደ አገሬ። በሦስት ሰው ምድጃ አይነድም ጋሽዬ። አላህ ሌላ በር ይከፍታል።" ይህን ስትል አልሳቀችም።

ጋሽ አምባዬ ወደ እኔ ዞሩ። "ለማን ለማን ነገርክ?"

"ለማንም!" አልኩ ደረቴን ነፍቼ። "ሚስትም ቢኖረኝ አልነግራት!"

"አንተስ?"

"ወላሂ ትንፍሽ አላልኩም" አለ ካሚል። "አማና፣ አደራ አይደል እንዴ?"

አዛውንቱ ግንባራቸውን ያዙ። "ወይ ጉድ! ይህን ያህል ዘመን እዚህ ኖራችሁ ዳጉ አልገባችሁም? አንዱ ጋዜጣ ላይ ይጽፋል፣ አንዱ በር ላይ ባለጉዳይ ያዋራል ብዬ መርጬ ባመጣ፣ ሁለት ታማኝ ሰው አንድ ላይ ይግጠመኝ! 'ንገር' ያልኩት ሰው አንድም ቀን ነግሮልኝ አያውቅም። 'አትናገር' ያልኩት ግን እስከ ገላፊ ድንበር ያዳርስልኛል!"

ያን ጊዜ ደጅ ቆመው የሚያማርሩባቸው ቤቶች ሁሉ በዓይኔ መጡ፤ የአዋሹ፣ የመልካ ወረሩ። ለካ የሚወስዱን ሊዘጋ ወዳለ ቤት ነበር። ለካ ምሬታቸው ደስታቸው ነበር።

ኸሊዳ እኛን ተራ በተራ አይታ ድንገት መሳቅ ጀመረች፤ ማዳበሪያው ላይ እስክትደገፍ ድረስ ሳቀች። "እስከሚቀጥለው ሐሙስ እንጨቱን ላቆየው" አለች እንባዋን እየጠረገች። "ከዚያ በኋላ ግን አልችልም።"

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ጋሽ አምባዬ ፊታቸውን አዙረውብኝ ተቀመጡ። ወደ ሰመራ የሚወስደው ሜዳ በምሽቱ ብርሃን እንደ ማር ሆኗል፤ እሳቸው አንገታቸውን ደፍተዋል። እኚህን ሰው እወዳቸዋለሁ። እዚህ ሙቀት ውስጥ ማንም ምድጃውን ይዞ እንዳይሄድ የሚጨነቅ ሌላ ሰው አላውቅም። እሳቸው ባይኖሩ ካሚልና እኔ እስከ ጡረታ ሻይ እንደጠጣን እንቀር ነበር።

ስለዚህ አንድ ቤት አለች። ከሎግያ ወደ ገላፊ በሚወስደው መንገድ፣ ጎማ የቆለለውን ጎሚስታ ስታዩ ከጀርባው ዙሩ። ሰማያዊውን መጋረጃ ግለጡ። ከሐሙስ በፊት ይሁን። ተሳክቶልን ቦታ ካጣችሁ፣ ደጅ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው "ሰው በላኝ" የሚሉ አንድ አዛውንት ታያላችሁ፤ አትዘኑላቸው።

ደግሞ አደራ፣ ለማንም እንዳትናገሩ።