ለእኔ ባዶውን ፕሮፋይል?

እናንተዬ፣ ዛሬ በገዛ አፌ ራሴን ተቃወምኩ! በእድር ስብሰባ! ማይክ ይዤ!

ቆዩ፣ ከሥሩ ልንገራችሁ።

የልጅ ልጄ ሳምሪ የኮምፒውተር ኮድ ጸሐፊ ናት። እዚሁ አዳማ ቤት ቁጭ ብላ ነው የምትሠራው። እኔ ደግሞ በእሷ ላፕቶፕ የእድራችንን ጽሑፍ እጽፋለሁ። ትምህርቴ ከመሠረተ ትምህርት አላለፈም፤ ግን አንቀጽ ሲጀመር መስመሩ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ እንደሚል አስተምረውኛል። እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

(ይህቺን ያዙልኝ። ጉዴ ከእሷ ነው የመጣው።)

ሳምሪ ኮድ የምትጽፍበት ፕሮግራም ፕሮፋይል የሚባል ነገር አለው። ታች በግራ በኩል ያለችውን ጥርስ ያላት ክብ ምልክት ተጭናችሁ አንዱን ስትመርጡ ቀለሙም፣ ፊደሉም፣ መሣሪያውም ባንዴ ይቀየራል። ለራሷ «ሥራ» የሚባል አዘጋጅታለች። ለእኔ «እማማ» የሚባል።

የእሷ ጥቁር መደብ ላይ ወርቃማ፣ ሮዝ፣ አረንጓዴ። የሠርግ ቤት በሉት!

የእኔስ? ነጭ። ፊደሉ የባጃጅ ታርጋ ያህላል። ሌላ ምንም የለም።

«ለምንድን ነው ለእኔ ባዶ ቤት የሰጠሽኝ?» አልኳት።

«እማማ፣ ለእርስዎ የሚሆነው እሱ ነው።»

ለእኔ የሚሆነውን ማን ጠየቀኝ? ይሄ ፍርድ ነው?

ወደ ዛሬው ልምጣ። ጎረቤቴ ጀሚላ ተከራይ ናት። አምና እናቷ አገራቸው ደራ ላይ አርፈው እዚህ ሐዘን ስትቀመጥ፣ አከራይዋ «በግቢዬ ድንኳን አይተከልም» አለ። የእድሩ ደንብ ደግሞ ድንኳን የሚተከለው በአባሉ የግል ግቢ ብቻ ነው ይላል። ለቀስተኛው ሁሉ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። የአዳማ ፀሐይ!

እኔ ይሄን ደንብ ሳላስቀይር አልሞትም ብያለሁ። ዛሬ ቀጠሮው ነበር።

ጠዋት ሳምሪ ቢሾፍቱ እስክትሄድ ጠበቅኩና ፕሮፋይሉን ወደ «ሥራ» ቀየርኩት። ለትልቅ ጉዳይ ትልቅ ቤት! አሮጌውን ደንብ አጠገቡ ከፍቼ ጻፍኩ፦ ግቢ ለሌለው አባል መንገድ ዳር ይተከልለት። ፊደሉ ጉንዳን ያህላል፤ ግን እኔ ሳላይ ነው የምጽፈው። በየአንቀጹ መጀመሪያ ታብ የምትባለውን ቁልፍ ነካ፣ መስመሩን ገባ አደረግኩ። አሳተምኩና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

መልሼ አነበብኩት? አላነበብኩትም! ኩራት ነዋ።

አዳራሹ ሙሉ ነው። ማይኩን ያዝኩና ጀመርኩ፦ «ድንኳን የሚተከለው በአባሉ የግል ግቢ ብቻ ነው።»

አፌ ቀድሞ ሄደ፤ ጆሮዬ ዘግይቶ ደረሰ።

ደንግጬ ወደ ሁለተኛው አንቀጽ ዘለልኩ፦ «ተከራይ አባል ድንኳን የመጠየቅ መብት የለውም።»

ጀሚላ ቀና ብላ አየችኝ። ያንን አስተያየት ለጠላቴም አልመኝም።

ሰብሳቢው ጋሽ ታደሰ ፊቱ በራ። «እትዬ ብርሃኔ ከእኛ ጋር ተስማሙ! እስቲ አጨብጭቡላቸው!»

አጨበጨቡልኝ!

ወረቀቱን ለሁለት ቀደድኩት። «ይሄን የጻፈው ማሽኑ ነው! የእኔን ከአፌ ስሙ!»

«አሁን ደግሞ በማሽን ማሳበብ መጣ!» አለ አንዱ ከኋላ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ጀሚላ ብድግ አለች። «ይናገሩ እንጂ! ያኔ ፀሐይ ላይ ለሰዉ ውሃ ሲያድሉ የዋሉት እርስዎ ነዎት፤ ማሽን አይደለም።»

በቃ፣ ጉልበቴ ተመለሰ። «በጀሚላ ሐዘን ፀሐይ ላይ የተቀመጣችሁ እጅ አውጡ!» አልኩ። አዳራሹ በእጅ ተሞላ። «እንዳታወርዱ! ድንኳን ለተከራይም ይተከል ብላችሁ ድምፅ እየሰጣችሁ ነው!»

ጋሽ ታደሰ ዘለለ። «ይሄ ሥርዓት አይደለም!»

እውነቱን ነው፣ አይደለም። እኔ ፍርድ ይስተካከል እያልኩ ሰው አላታልልም። ጥያቄው በወጉ ቀረበና እንደገና ተቆጠረ። አራት እጅ ወረደ።

አለፈ!

ቤት ገብቼ ለሳምሪ ደወልኩ። ለካስ «ሥራ» ላይ ማሽኑ ቀጥሎ የምትጽፉትን ገምቶ በደብዛዛ ግራጫ ያሳያል፤ ታብ ሲነካ «እሺ፣ ጻፈው» ማለት ነው። ጥቁር ላይ ግራጫ፣ በእኔ ዓይን! እኔ መስመር ላስገባ ስነካ እሱ ከአሮጌው ደንብ እየቀዳ ከእኔ ቃል ፊት ይጽፍልኛል።

«ባዶ ያደረግኩልዎት ለምን እንደሆነ አሁን አወቁ?» አለች ሳቋ እያቋረጣት።

አወቅኩ። ይሄንንም የምጽፍላችሁ «እማማ» ላይ ሆኜ ነው። እዚህ ታብ ሲነካ መስመር ገባ ይላል፤ አርፎ ይቀመጣል።

ግን አልተሸነፍኩም! ግምቱ ይቅርብኝ፣ ጉንዳኑም ፊደል ይቅርብኝ። ቀለሙ ግን ምን አደረገ? ለተከራይ ድንኳን ያስፈቀደች ሴት ለራሷ ትንሽ ሮዝ ብትጠይቅ ነውር ነው?

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። እጅ አውጡ፤ እኔም በወጉ እቆጥራለሁ።