ጆንያ ሙሉ ቀለሃ

ሦስት ነን፦ ጋሽ ተድላ፣ ታክሲ የሚነዳው መስፍን፣ እኔ። ገንዘብ አዋጥተን የተተኮሰ የሾትገን ጠመንጃ ቀለሃ እንደገና ሞልቶ ጥይት የሚያደርግ ማሽን ገዛንና ሀያትስቪል ከተማ፣ ጋሽ ተድላ ቤዝመንት ውስጥ ተከልነው።

አንባቢ ሆይ፣ በነፃ የተገኘ ነገር ማለፍ የማይችል ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? መስፍን እንዲያ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ዒላማ ስንተኩስ እሱ ሰው የጣለውን ቀለሃ ይለቅማል፤ የተሰነጠቀ፣ የተረገጠ፣ ከየፋብሪካው የወጣ። አንድ ቀን ጆንያ ሙሉ ተሸክሞ መጣ። ቁጠባ መልካም ነው፤ መልቀም ግን ቁጠባ ነው?

«ማኑዋሉን አንብቤዋለሁ» አልኩት። «እያንዳንዱ ቀለሃ የራሱ ባሩድ፣ ባሩዱን የሚያቀጣጥል የራሱ ፕራይመር አለው። አንድ ዓይነት መርጠን በዚያ እንጸናለን።»

«ቀለሃ ቀለሃ ነው። ለልጆችህ ጫማ የምትመርጥ አስመሰልከው እኮ።»

«ጫማ ቢጠብ እግር ያማል፤ ይሄ ጠመንጃ አፈንድቶ ጣት ይወስዳል።»

«ጋሽ ተድላ፣ እርስዎ ይፍረዱ» አለ መስፍን።

ጋሽ ተድላ አንዱን ቀለሃ ወደ መብራቱ አነሱት። «በስንጥቁ በኩል አንተን አየሁህ፣ መስፍን። ጣለው።»

ጣልነው። አንድ ዓይነት አዲስ ቀለሃ፣ ለእሱ ከተጻፈው ባሩድና ፕራይመር ጋር ገዛን። ከሱቅ ጥይት ረከሰልን ብዬ አልዋሽም። ለሦስታችን በድምሩ ስምንት መቶ አርባ ዶላር ወጣ፤ ሠላሳ ጣታችን ግን እንዳለ ነው።