የዘጠነኛው ፎቅ አዋቂ

ሐበሻ በተከራየበት ሕንጻ ሁሉ አንድ አዋቂ አይጠፋም። ማሞቂያ የሌለው ሕንጻ አለ፤ በረሮ የሌለውም በስንት ስለት ይገኛል። አዋቂ የሌለው ግን እስካሁን አላየሁም።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ በስደት አገር፣ ፓርክዴል በሚባለው ሰፈር የሕንጻችን አዋቂ ክብርት እትዬ ጸሐይወርቅ ነበሩ፤ መንበራቸው ዘጠነኛ ፎቅ። «አዋቂ» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ግን አንድም ቀን ተስማምተን አናውቅም። ቃሉ ዕድሜው ለደረሰም፣ ለተማረም፣ ስውር ነገር ለሚገለጥለትም ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግለው በርናባስ «ጠንቋይ ናቸው» ብሎ ያማትባል። ሴት ልጁ ሩቲ በፈረንጅ አፍ «ሳይኪክ» ትላለች። ኮሌጅ ኮምፒውተር የሚማረው ዘርይሁን ደግሞ «ኦራክል» ብሎ አወጣላቸው፤ የጠየቁትን የሚመልስ የመረጃ ማከማቻ በዚህ ስም ይማር ነበር። እሳቸው ግን የሚመልሱት ሳይጠየቁ ነው።

ስኒ አያዩ፣ ጠጠር አይጥሉ። ኤሌቬተር ውስጥ ፊት ያያሉ፣ በቃ። «እኔ የለሁበትም፤ የታየኝን ነው» ይሉና ይናገራሉ። ሰይፉን «ዛሬ መኪናህ ትቁም» አሉት፤ ስቆባቸው ወጣ፤ በረዶው ዳፈሪን መንገድ ላይ አንሸራቶ ከአውቶቡስ መጠለያ ጋር አላተመው። አጸደን «ሁለት ናቸው» አሏት፤ ማርገዟን ገና ለባሏ እንኳ አልነገረችም። ከዚያ ወዲህ ኤሌቬተሩ ተከፍቶ እሳቸው ከታዩ ሰው ሁሉ «ውይ፣ ረስቼ!» እያለ ወደ ደረጃው ይሮጣል። የልብ ሕመምተኛው ሰብስቤ አሥራ አራት ፎቅ በእግሩ ይወጣ ነበር።

የስደተኝነት ጥያቄዬ ዳኛ ፊት የሚሰማበት ሂሪንግ አንድ ሳምንት ሲቀረው ኤሌቬተር ውስጥ ገባሁ፤ እሳቸው ጥግ ላይ ቆመዋል። ማምለጫ የለም። ትክ ብለው አዩኝ። አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት።

«ምነው እትዬ?»

«ተወው ልጄ።»

ተወው! ሰይፉን ያስጠነቀቁ ሴት ለእኔ ሲሆን ቃል ጠፋቸው። ጠበቃዬ ቢሮ ሄጄ የአባቴን ስም ተሳሳትኩ፤ የታሰርኩበትን ወር ረሳሁ። ሰውየው ብዕሩን አስቀምጦ «ዳኛው ፊትም እንዲህ ከሆንክ ይመልሱሃል» አለኝ። የሚመልሱኝ ወደዚያው ወደታሰርኩበት አገር ነው።

በሦስተኛው ቀን በራቸውን አንኳኳሁ። «የታየዎትን ይንገሩኝ። መመለሴ ከሆነ ልወቀው!»

እትዬ ጸሐይወርቅ ግራ ገባቸው። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብተው ያልተከፈተ ቡናማ ፖስታ ይዘው መጡ። የኢሚግሬሽን ማኅተም አለበት።

«ያን ቀን ኤሌቬተሩ ውስጥ አንብብልኝ ልልህ ነበር። አፍሬ ተውኩት። ከመጣ አሥራ አንድ ቀኑ።»

«አሥራ አንድ ቀን? ሰው ሞልቶ?»

«ማንን ልጠይቅ? ሲያዩኝ ይሸሻሉ።» ከሶፋው ጫፍ ተቀመጡ። «የሰውን እያየሁ የራሴ አይታየኝም። ማመልከቻዬን እምቢ ያሉኝ ይመስለኛል።»

ፖስታውን ቀደድኩት። ያን ጊዜ ገባኝ፤ እዚያ ክፍል ውስጥ አዋቂው እኔ ነበርኩ፣ ከአፌ የሚወጣውን በፍርሃት የሚጠብቁት እሳቸው።

«ተቀብለውዎታል» አልኳቸው።

«እርግጠኛ ነህ?»

ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። ቀጥሎ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ።

«የእኔስ?» አልኩ፣ ሲረጋጉ።

«ያንተን አላውቅም። ግን ብቻህን አትሄድም።»

በቀጠሮው ቀን ስትሪትካር በሚባለው የከተማ ባቡር አብረውኝ መሃል ከተማ ወረዱ። እኔ ውስጥ ሆኜ ለሁለት ሰዓት ተኩል ስጠየቅ፣ እሳቸው ኮሪደር ላይ ቦርሳቸውን ታቅፈው ጠበቁ። በሩ ሲከፈት ብድግ አሉ። ፊቴን አዩት፤ ምንም አላነበቡበትም። ከንፈራቸው ደርቋል።

«ምን አሉህ?»

«እዚያው ወሰኑልኝ፤ ተቀበሉኝ» ስል ወንበሩ ላይ ተመልሰው ቁጭ አሉ። ያ ሁሉ ሕንጻ የሚፈራቸው ሴት በዚያች ሰዓት ለእኔ ሲፈሩ አየኋቸው። ከእናቴ ሌላ ለእኔ እንዲያ የፈራ ሰው አላውቅም።