የጋሽ ታደሰ ሁለት ዲስኮች

ርካሽ ነገር የሚያሳድድ ጎረቤት አላችሁ? እኔ አለኝ፤ የአቃቂው ጋሽ ታደሰ። ባለቤታቸው ሲቀበሩ እንባ አላወጡም። "ድምጿ ኮምፒውተሬ ውስጥ አለ" አሉ። ከዚያ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል ብለው ሁለት ያገለገሉ ሃርድ ዲስኮች ገዝተው ድምጿን ከኮምፒውተሩ አውጥተው ሁለቱም ላይ አስቀመጡ።

"ጋሼ፣ አንዱን እንኳ አዲስ ያድርጉት" ብላቸው፣ "ሁለት ስወስድ እኮ ቀነሰልኝ!" አሉኝ። ምን ይባላል?

በዓመቱ አንዱ ዲስክ ሞተ። ርካሽ ምትክ ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ ሲከራከሩ ሰነበቱ፤ ሁለተኛውም ተከተለ።

ያን ዕለት ጋሽ ታደሰ ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ለሃርድ ዲስክ ለቅሶ ይደረሳል ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኛ ግን የእድሩን አግዳሚ ወንበር እንደገና ተሸክመን ደረስን።