ከፍ ዝቅ የሚለው መደርደሪያ

ትልቅ ጠብ በአገራችን ሽማግሌ አያጣም። ወሰን የገፋ፣ የወንድሙን በሬ የሸጠ፣ በሰው ፊት የተሳደበ እንደሆነ ይቀመጡለታል፤ ይመክሩታል፣ ይገሥጹታል፣ ይክሳል፣ ይሳሳማሉ፣ ያልቃል። እኔን የሚያሳስበኝ የትንሽ ጠብ ነገር ነው። ለትንሽ ጠብ ማን ይቀመጣል? እስቲ የሰፈራችሁን የተከበሩ አዛውንት ጠርታችሁ፣ ጋቢያቸውን አደላድለው ከተቀመጡ በኋላ «አባቴ፣ የጨው ዕቃውን ከፍ አድርጋ አስቀመጠችብኝ» በሏቸው። መጀመሪያ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ቀጥለው ከዘራቸውን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ትንሽ ጠብ ዳኛ የለውም፤ ዳኛ ስለሌለውም አያልቅም። እንደ ሱሉልታ ብርድ በበር ሥር ገብቶ ቁርጭምጭሚት ይዞ ይከርማል።

እኔ ቤት የገባውም ይኸው ዓይነቱ ነው።

ቤቴ ሱሉልታ ነው። ሥራዬ ግን አዲስ አበባ፣ በአንድ አነስተኛ የግንባታ ድርጅት ውስጥ ነው፤ የሰው ቤት ፕላን እስላለሁ። ቀኑን ሙሉ ለማላውቀው ሰው ሳሎን ሳሰፋና መኝታ ቤት ሳጠብ እውልና፣ ማታ ጋራውን በታክሲ ተሻግሬ ወደ ራሴ ቤት እገባለሁ። የራሴ ማድ ቤት ደግሞ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ካቆመ፣ ሦስተኛው ጉዳዩን በመስኮት ነው የሚከታተለው። ሁለቱ ሰዎች ባለቤቴ አስቴርና ታላቅ እህቴ እትዬ ድንቄ ናቸው።

አስቴር ረጅም ናት። እኔ የምደርስበትን ሁሉ ትደርስበታለች፤ የማልደርስበትንም። እትዬ ድንቄ ግን ሚኒባስ ውስጥ ሳትጎነብስ ቀጥ ብላ የምትገባ፣ ገብታም ለሌላው ሰው ወገብ የምታዝን ሴት ናት። እናታችን በጊዜ ስለሞተች አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሰበታ አገባች፤ ወለደች፤ ዕድሜዋን እዚያው ልትጨርስ ተደላድላ ሳለ ባሏ ሞተና ቤቱ ተሸጦ ለወራሾች ተከፋፈለ። ቡራዩ ልጇ ዘንድ ገባች። ልጅቷ ደግሞ ባሏን ተከትላ ወደ ክፍለ አገር ስትሄድ፣ እትዬ ድንቄ ወደ እኔ መጣች። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ። አዲስ አበባን በውጭ በውጭ ዞረቻት እንጂ አላደረችባትም።

ጠቡ የመጣው ማድ ቤታችን ግድግዳ ላይ ከተመታች አንዲት ጣውላ ነው። ጣውላዋ በአስቴር ቁመት ልክ ነበረች። እትዬ ድንቄ ደግሞ ሰው ቤት እጇን አጣጥፋ መቀመጥ ሞት የሚመስላት ሰው ስለሆነች፣ ጀሪካን ገልብጣ ትወጣና በርበሬውን፣ ቅመሙን፣ ክዳኑን ታወርዳለች። አንድ ቀን ጠዋት ጀሪካኑ ከሥሯ ሸሸ። የእጇ አንጓ ወለም አለና ወጌሻ አሽቶ አሰረላት። አስቴር በጣም ደነገጠች፤ በድንጋጤዋም ዕቃውን ሁሉ ወደ መሬት አወረደችው። አሁን ደግሞ የአስቴር ተራ ሆነ። ከሁለተኛው ልጃችን ወዲህ ወገቧ ጎንበስ ማለት አይወድም፤ ለአንዲት ጭልፋ አጎንብሳ ስትነሳ «እህህ» ትላለች። እትዬ ድንቄ «እህህ»ውን ትሰማለች።

«እኔ ነኝ ያስቸገርኳችሁ» ትላለች።

«ኧረ ምን በወጣዎ፣ እትዬ ድንቄ!» ትላለች አስቴር።

ሁለቱም ፈገግ ይላሉ። ከጠብ ሁሉ ፈገግታ ያለበትን ፍሩ።

እኔ ደግሞ አርፌ መቀመጥ የማልችል ፍጡር ነኝ። የተጣመመ ሥዕል ሰው ቤት ካየሁ ቡናውን ትቼ ሥዕሉን አቃናለሁ። ስለዚህ ነገሩን በንድፍ ልፈታው ተነሳሁ። ግድግዳውን ሙሉ የሚይዝ ካቢኔት አሰብኩ፤ ሁለቱ ጎኖቹ ከላይ እስከ ታች በቀዳዳ የተደረደሩ፣ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ትንንሽ የብረት ችካሎች የሚገቡ፣ መደርደሪያው በችካሎቹ ላይ እየተነሳ እንደ ፈለጉት ከፍ ወይም ዝቅ የሚል። በዚህ ብቻ አላበቃሁም። እያንዳንዱ መደርደሪያ እንደ መሳቢያ ወደ ፊት ተስቦ ይወጣል፤ ከኋላ የተቀመጠውን ዕቃ አምጥቶ ያስረክባችሁና ተመልሶ ይገባል። ረጅሟ ከፍ ታደርገዋለች፣ አጭሯ ዝቅ ታደርገዋለች፣ እኔ መሐል ቤት እፎይ እላለሁ። በታክሲ ሰልፍ ላይ ሳልኩት፤ ታክሲ ውስጥ ሰረዝኩት፤ ቢሮ ገብቼ የሰው ሳሎን ትቼ እንደገና ሳልኩት። ምግብ እየበላሁ «ቀዳዳው ቢቀራረብስ?» እያልኩ ብድግ እላለሁ። ልጆቼ «አባ ምን ነክሶት ነው?» ይባባላሉ።

የልኬት ቀን ደረሰ።

«እጅሽን ወደ ላይ ዘርጊልኝ» አልኳት እትዬ ድንቄን፣ ሜትሬን ይዤ።

ዘረጋች። «ለምንድን ነው?»

«ሳጥን ላሠራልሽ ነው።»

የተዘረጋው እጅ ቀስ ብሎ ወረደ። «ማሎ! ገና አልሞትኩም እኮ!»

አናጺው ቡራዩ ነበር። ሱሉልታ አናጺ ጠፍቶ አይደለም፤ እትዬ ድንቄ ልጇ ቤት ሳለች የምታውቃቸው ኦቦ ለሚ የሚባሉ ሰው ስላሉና እጃቸው ንጹሕ ነው ስላለች ነው። ንድፉን ሳሳያቸው «ምን ይሄ ሁሉ ጣጣ» ብለው ይከለክሉኛል ብዬ ነበር። ጭራሽ ባሱብኝ።

«ጋሪዳ! ጋሪዳ! በጣም ጥሩ ነው» አሉ፣ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙረው። «ግን ለምን ጎማ አንገጥምለትም?»

«ጎማ ምን ያደርግለታል፣ ኦቦ ለሚ?»

«እንግዳ ሲመጣ ሳሎን ይገባላችኋላ!»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አሰብኩበት። ያዳነን የማድ ቤታችን ደፍ ከፍታ ነው።

ካቢኔቱ ከቡራዩ ሱሉልታ በጭነት መኪና ተጭኖ ሲመጣ፣ ጎረቤቱ ሙሽራ እንደ ገባ ሁሉ ወጥቶ አየ። መደርደሪያዎቹን ስቤ አወጣኋቸው፤ ገፍቼ አስገባኋቸው፤ ችካል ነቅዬ ችካል ተከልኩ። አስቴር ሳቀች። እትዬ ድንቄ እንጨቱን በመዳፏ ዳበሰችና «እጅህ ይባረክ» አለችኝ። በዚያ ሰሞን ከእኔ የበለጠ ያረፈ ሰው ሱሉልታ ውስጥ አልነበረም።

ረፍቴ ብዙ አልከረመም። ጠዋት አስቴር ልጆቹን ትምህርት ቤት ልታደርስ ስትወጣ፣ እትዬ ድንቄ ችካሎቹን ነቅላ መደርደሪያውን በራሷ ቁመት ልክ ታወርዳለች። ማታ አስቴር ራት ልትሠራ ስትገባ ነቅላ ታወጣዋለች። ማንም ለማንም ምንም አይልም። ከሳሎን ቁጭ ብዬ የምሰማው ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚለውን የችካል ድምፅ ብቻ ነው። ድሮ ጣውላዋ ስትመታ «እንግዲህ የተመታ ተመታ» ተብሎ ይተው የነበረው ሁሉ፣ አሁን በየቀኑ እንደ አዲስ የሚወሰን ጉዳይ ሆነ። ስኳሩ የት እንዳለ የሚያውቅ ጠፋ። አንድ ማታ መደርደሪያው ችካሉ ሳይጠብቅ ተስቦ ኖሮ የሠርጋችን ብርጭቆዎች ወለሉ ላይ ረገፉ። እትዬ ድንቄ ስብርባሪውን ለመልቀም ስትጎነብስ አስቴር «ይተዉት፣ እኔ አነሳዋለሁ» አለቻት። ቃሉ ደግ ነው። ድምፁ ግን ደግ አልነበረም።

እኔ ምን አደረግኩ? ያው የለመድኩትን ነዋ፤ ንድፉን አሻሻልኩ። መደርደሪያውን ግራና ቀኝ ከፍለን ግራውን ለአጭር፣ ቀኙን ለረጅም ብናደርገውስ ብዬ፣ ቅዳሜ ማልጄ ቡራዩ ወረድኩ። ኦቦ ለሚም «ጋሪዳ!» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ስመለስ፣ እትዬ ድንቄ ነጠላዋን አጣፍታ በረንዳው ላይ ቆማለች። ከእግሯ ሥር በገመድ የታሰረ ጆንያ አለ። አስቴር በሩ ላይ ተገትራለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ወዴት ነው?» አልኩ።

«ሰበታ።»

«ሰበታ ማን አለሽ?»

«መቃብር አለኝ» አለች።

ባሏ ያረፈው እዚያ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ አንዲት ክፍል የምታከራይ የቀድሞ ጎረቤቷን አግኝታ ጨርሳ ኖሯል። አዝላ ያሳደገችኝ ሴት በእኔ ቤት በረንዳ ላይ እንደ መንገደኛ ቆማ፣ ታክሲ እንዳያመልጣት ወደ መንገዱ ታያለች።

አስቴር ጎንበስ ብላ ጆንያውን ወደ ቤት ልትመልሰው ብድግ ስታደርገው ተንኳኳ። ከበዳትና አስቀመጠችው።

«እትዬ ድንቄ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ተይው፣ የእኔ ኮተት ነው።»

አስቴር ግን ፈታችው። በአሮጌ ሻሽና በልጆች ልብስ የተጠቀለሉ ሲኒዎች ወጡ፤ ጠርዛቸው ላይ ሰማያዊ ቀለበት ያላቸው፣ አንዱም ያልተሰበረ። አበባ የታተመበት የብረት ትሪ ወጣ። የባሏ የመጠጫ ጣሳ ወጣ፤ እጀታው በሽቦ የተጠገነ። ከሰበታ ከወጣች ጀምሮ አልፈታችውም። ቡራዩም አልተፈታም። እኛም ቤት ስትመጣ አልጋዋ ሥር ገፍታው፣ እኛ ልብስ መስሎን፣ እንደ ታሰረ ከርሟል።

«ለምን ካቢኔቱ ውስጥ አላስቀመጧቸውም?» አለች አስቴር። «ቦታ ጠፍቶ ነው?»

«ቦታማ ሞልቷል፣ ልጄ። ግን የቱ ላይ ላስቀምጠው? ጠዋት እዚህ ያለው ማታ እዚያ ነው። የእኔ ዕቃ አሮጌ ነው፤ ከእንግዲህ መንገድ አይችልም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ወንድምዬ፣ አትቀየመኝ። ሳጥንህ ቆንጆ ነው። እኔ ግን ካንዱ ቤት አንዱ ቤት ስነሳ ስቀመጥ ከርሜ፣ ደግሞ መደርደሪያው አብሮኝ ሲነሳ ሲቀመጥ ሳየው ልቤ አላርፍ አለኝ።»

«ገባኝ!» አልኩና ሜትሬን ላወጣ ኪሴ ገባሁ። «ግራና ቀኙን ከፍለን...»

«ሜትሩን አስቀምጥ!» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ። እትዬ ድንቄ እኛ ቤት ከገባች ወዲህ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር መሰለኝ።

ከዚያ እትዬ ድንቄ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ምስማር አለህ?» አለችኝ።

ነበረኝ። ንድፍ የሚሠራ ሰው የገዛ ንድፉ ላይ ምስማር ሲመታ ምን እንደሚሰማው፣ የደረሰበት ያውቀዋል። ተንሸራታቹን ብረት ፈታሁ። የመሐሉን መደርደሪያ በእሷ ቁመት ልክ አውርጄ መዶሻዬን አነሳሁ።

«እሱን አይደለም» አለች። «ከላይ ያለውን።»

«እትዬ፣ እሱ ላይ እኮ አትደርሺም!»

«አውቃለሁ።» ወደ አስቴር ቀና ብላ አየች። «የሚደርስ ሰው አለ።»

አስቴር ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። እኔ መትቼ ስጨርስ እጇን ዘረጋችና የመጀመሪያውን ሲኒ ተቀበለቻት። እትዬ ድንቄ በቀሚሷ ጫፍ እየወለወለች አንድ በአንድ አቀበለቻት፤ አስቴር አንድ በአንድ ሰቀለችላት። ጣሳው መጨረሻ ላይ ሄደ። እትዬ ድንቄ ራቅ ብላ ቆማ አየችና «ትንሽ ወደ ግራ» አለች። አስቴርም ወደ ግራ አደረገችው።

ከዚያ ወዲህ ማድ ቤታችን ውስጥ የሚሰማው «አስቱ፣ አውርጂልኝ» ነው። አስቴር ታወርድላታለች። እትዬ ድንቄ ሲኒውን ታገላብጠዋለች፣ ትወለውለዋለች፣ ከዚያ «በይ ስቀይው» ትላለች።

«እትዬ ድንቄ፣ አሁን ነው እኮ የሰቀልኩት!»

«አቧራ አይቼበት ነው።»

እዚያ ከፍታ ላይ ያለ አቧራ ለእሷ እንደማይታይ ሦስታችንም እናውቃለን።

ምስማር ግን እንደ ወሬ ነው፤ አንዴ ከጀመረ አይቆምም። ጥቂት ቆይቶ አስቴር «ለእኔም አንዱን ምታልኝ» አለች፤ ወገቧን የማያስጎነብስ ቦታ ላይ። ከዚያ የልጆቹ ምሳ ዕቃ ማስቀመጫ ተመታ። ከዚያ የሽሮና የበርበሬው። ችካሎቹ ባዶ የቡና ቆርቆሮ ውስጥ ገቡ። ያን ሁሉ ቀዳዳ እንግዳ ሲያየው ጌጥ ይመስለዋል።

በቀደም ዕለት ባለሱቋ ጎረቤታችን ዘይነባ፣ ዝናውን ሰምታ ካቢኔቱን ልታይ መጣች። አንዱን መደርደሪያ ያዝ አድርጋ ሳበችው። አልወጣም። ወደ ላይ ገፋችው። አልተነሳም።

«ውይ፣ ተበላሸ እንዴ?» አለች አዝና።

«ምን ተበላሸ!» አለች እትዬ ድንቄ። «ገና አሁን ተሠራ እንጂ።»

ዘይነባ ግን ብልህ ነጋዴ ናት፤ ከገበያ ባዶ እጇን አትመለስም። ወደ ጎን ጠራችኝና «እኔ የምፈልገው ያንን የሚንቀሳቀሰውን ነው፤ እንደ መጀመሪያው አድርገህ ሳልልኝ» አለችኝ። መክሬ የመለስኳት መስሏችሁ ይሆናል። ምን በወጣኝ! እየሳልኩላት ነው፤ ኦቦ ለሚም ከወዲሁ ጎማ እያፈላለጉ ነው። አማቷ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሊመጡ ነው አሉ፤ እነሱም ለአቅመ ምስማር እስኪደርሱ ድረስ ትንሽ ከፍ ዝቅ ማለታቸው አይቀርም።