ገመዱ የታለ?

(ሶዳንኪላ፣ ሰሜን ፊንላንድ። ከአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ፊት ለፊት ያለ የመኪና ማቆሚያ። ጠዋት ነው፤ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት። በየመኪናው ፊት የሞተር ማሞቂያ የሚሰካበት ምሰሶ ቆሟል። መኪኖቹ በአመዳይ ተሸፍነው መልካቸው አይለይም። ምድጃ ሲሸጥ ኖሮ ጡረታ የወጣው ታይስቶ የአንዱን መኪና የፊት መስታወት ይፍቃል። የሚስቱ ወንድም ኦይቫ ቴርሞስ ታቅፎ አጠገቡ ቆሟል።)

ታይስቶ፦ ሰክቼዋለሁ ነው የምትለኝ?

ኦይቫ፦ ሰክቼዋለሁ።

ታይስቶ፦ ታዲያ ገመዱ የታለ?

ኦይቫ፦ መኪናው ላይ።

ታይስቶ፦ (ጎንበስ ብሎ ያያል) እዚህ ገመድ የለም።

ኦይቫ፦ እዚህማ የለም።

ታይስቶ፦ ሰክቼዋለሁ አላልክም እንዴ?

ኦይቫ፦ ብያለሁ።

ታይስቶ፦ ኦይቫ፣ ረጋ ብለህ ስማኝ። ከምሰሶው ወደ ሞተሩ የሚሄድ ገመድ ከሌለ ማሞቂያው በምን ይሠራል? በጸሎት?

ኦይቫ፦ በጸሎት አይሠራም።

ታይስቶ፦ አይሠራም። ማሞቂያው ውኃውን ያሞቃል፣ ውኃው ብረቱን፣ ብረቱ ዘይቱን። ካልሞቀ ዘይቱ እንደ ማር ይረጋል። የረጋ ዘይት ያለው ሞተር ደግሞ ምን ይሆናል?

ኦይቫ፦ አይነሳም።

ታይስቶ፦ ታውቀዋለህ ማለት ነው። እያወቅክ ነው ሳትሰካ ያደርከው።

ኦይቫ፦ ሞቋል እኮ። ቅድም ነክቼዋለሁ።

ታይስቶ፦ (ጓንቱን አውልቆ ኮፈኑን ይነካል፤ እጁን ቶሎ ይሰበስባል) ይሄ ነው የሞቀው?

ኦይቫ፦ ይሄማ በረዶ ነው።

ታይስቶ፦ ተመስገን። በአንድ ነገር ተስማማን።

(ታይስቶ መፋቁን ይቀጥላል።)

ኦይቫ፦ እንሂድ?

ታይስቶ፦ በምን?

ኦይቫ፦ በመኪናው። ቆይ ግድ የለም፣ ጨርስ።

ታይስቶ፦ እስከ ሮቫኒዬሚ ሁለት ሰዓት መንገድ ነው። እህትህ ሲርካ ልቧን ተከፍታ፣ ተሰፍታ፣ ዛሬ ከሆስፒታል ትወጣለች። ኮቷን ለብሳ በር በሩን እያየች ነው። እኔ ደግሞ በረዶ ከሆነ መኪና ጋር ቆሜ ካንተ ጋር እከራከራለሁ።

ኦይቫ፦ ሾርባ ይዤላታለሁ። የሳልሞን።

ታይስቶ፦ ሾርባ ሞተር አያስነሳም።

ኦይቫ፦ ለእሷ ነው። ትናንት በስልክ አምጣልኝ ብላኛለች።

ታይስቶ፦ (መፋቂያውን ያቆማል) ድምፅዋ እንዴት ነበር?

ኦይቫ፦ እንደ ድሮው። እንስላሉን አታብዛው አለችኝ።

ታይስቶ፦ ለእኔ ቀጠን ብሎ ነበር የተሰማኝ። ሌሊቱን እሱን ሳስብ ነው ያደርኩት። ለማንኛውም፣ ቀዝቃዛ መኪና ውስጥ አላስገባትም። ሐኪሙ ብርድ አይንካት ብሏል። አንድ ነገር ብቻ ነው የለመንኩህ። ትናንት ገበያ ሄደህ መኪናውን ስትመልስ፣ አቁመው፣ ሰካው።

ኦይቫ፦ አቆምኩት፣ ሰካሁት።

ታይስቶ፦ አታድርቀኝ። (ቁልፉን በሩ ላይ ይሰካል፤ አይዞርለትም) ይኸው። በሩም ጭምር።

ኦይቫ፦ አይዞርም።

ታይስቶ፦ ለምን እንደማይዞር ታውቃለህ?

ኦይቫ፦ አዎ።

ታይስቶ፦ አታውቅም። እርጥበት ገብቶ በረዶ ሠርቶበታል። ቁልፉን በላይተር ታሞቀዋለህ፣ ታስገባዋለህ፣ ቀስ ብለህ ታዞረዋለህ። (ያሞቀዋል፤ ያስገባዋል) ቀስ... ብለህ... (ጣቱን ይጠባል)

ኦይቫ፦ ተቃጠልክ?

ታይስቶ፦ አልተቃጠልኩም። ታክሲ ጥራ።

ኦይቫ፦ መኪናው እያለ?

ታይስቶ፦ የቱ መኪና?

ኦይቫ፦ (በአገጩ ይጠቁማል) ያ። ጥግ ላይ ያለው። ገመድ ያለበት።

ታይስቶ፦ እሱ የሦስተኛ ፎቋ የወይዘሮ ሄልቪ ቦታ ነው።

ኦይቫ፦ ቦታው የእሷ ነው። መኪናው ያንተ ነው።

(ታይስቶ ጥግ ላይ ያለውን መኪና ያያል፤ ከዚያ ሲፍቀው የነበረውን።)

ታይስቶ፦ ይሄስ?

ኦይቫ፦ ቦታው ያንተ ነው። መኪናው የእሷ ነው።

ታይስቶ፦ (ከመኪናው አንድ እርምጃ ይርቃል) እንዴት ሆኖ?

ኦይቫ፦ ማታ ልሰካው ስል ያንተ ምሰሶ ኤሌክትሪክ የለውም። እሷ ደግሞ ያኔውኑ ከሱቅ ገባች። ሲርካ ነገ ትመጣለች ስላት፣ እኔ ብርዱ እስኪያልፍ አልነዳም፣ ቦታ እንለዋወጥ አለችኝ። ተለዋወጥን። ውስጡም እንዲሞቅ ትንሿን ማሞቂያ ወንበሩ ሥር አድርጌያለሁ፤ ለሲርካ ብዬ።

ታይስቶ፦ ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?

ኦይቫ፦ ልነግርህ ማታ ደውዬልህ ነበር። ገመድ እንዴት እንደሚሰካ አስረዳኸኝ። ከዚያ ደህና እደር ብለህ ዘጋኸው።

ታይስቶ፦ ጠዋትስ? ይሄን ሁሉ ስፍቅ ቆመህ ታየኛለህ?

ኦይቫ፦ ለእሷ የምትፍቅላት መስሎኝ ነዋ። ቦታዋን ስለሰጠችን። ደስ ብሎኝ ነው ዝም ያልኩት። ሲርካ ሁልጊዜ፣ ታይስቶ ልቡ ደግ ነው፣ አያሳይም እንጂ ትለኛለች። እኔ ግን አላምናትም ነበር።

ታይስቶ፦ ቁልፉን ሳስገባስ?

ኦይቫ፦ እሱ ትንሽ ከብዶኝ ነበር። የሰው መኪና መክፈት በዛ ብዬ። ግን ደግነት አንዴ ከመጣብህ ልከልክልህ አልፈለግኩም።

(ሦስተኛው ፎቅ ላይ መጋረጃ ይገለጣል።)

ኦይቫ፦ ቀና በል። ወይዘሮ ሄልቪ ናት። እጇን እያወዛወዘችልህ ነው።

ታይስቶ፦ (በቀስታ እጁን ያወዛውዛል) ከመቼ ጀምሮ ነው እዚያ ያለችው?

ኦይቫ፦ ከፊት መስታወቱ ጀምሮ።

ታይስቶ፦ አሁን ምን እያለች ነው?

ኦይቫ፦ (ዓይኑን አጥብቦ ያያል) የኋላውን መስታወት እያሳየችህ መሰለኝ።

(ታይስቶ የመኪናውን ቁልፍ ለኦይቫ ይሰጠዋል። መፋቂያውን አንስቶ በመኪናው ዙሪያ ወደ ኋላ ይሄዳል።)

ታይስቶ፦ አስነሳው። መጣሁ።

(ከጥግ ሞተር በአንድ ጊዜ ሲነሳ ይሰማል። ታይስቶ ቀና ሳይል ይፍቃል።)